ያን ምንጣፍ የመረጠው ሰው

ውድ እትዬ፣

በቅድሚያ አንድ ከባድ ወንጀል ልናዘዝ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈበት ወረቀት ያንቺ ነው። «ማንም እንዳይነካ! በተለይ አንቺ!» ብለሽ በፕላስተር ጠፍረሽው ከሄድሽው ካርቶን ውስጥ፣ ያን ዳር ዳሩን ሰማያዊ መስመር ያለውን የደብዳቤ ወረቀትሽን፣ በሙሉ ጤንነቴና ማንም ሳያስገድደኝ፣ ስድስት ቅጠል አውጥቻለሁ። ፕላስተሩን መልሼ ለጥፌዋለሁ፤ ትንሽ ጠሟል። ይቅርታ ግን አልጠይቅሽም። በዚህ ሳምንት ይቅርታ መጠየቅ የኔ ተራ አይደለም።

ለምን አልደወልሽልኝም እንዳትዪ። ስልክ ላይ ታስቂኛለሽ። ሁለት ቃል ሳልተነፍስ አንድ ነገር ጣል ታደርጊና እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ፣ ያስኮረፈኝም ነገር እዚያው ይቀራል። አሁን እንዲቀር አልፈልግም። እንዲያውም ንዴቴን ለማሳየት ከዛሬ ጀምሮ «አንቱ» ልልሽ ሞክሬ ነበር። «ውድ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ» ብዬ ጻፍኩና ከማን አያት ጋር እንደማወራ ግራ ገባኝ፤ ቀደድኩት። አንደኛው ቅጠል በዚያ አለቀ።

ቤቱ ሊታደስ ነው። የምሬን ነው። እስካሁን ስንት ነገር «ቤቱ ሲታደስ» እየተባለ እንደተላለፈ ታውቂያለሽ። የመታጠቢያ ቤቱ እጀታ፣ አልዘጋ ያለው መስኮት፣ የእማዬ ጥርስ ሳይቀር «ቤቱ ይታደስና እነቀለዋለሁ» ተብሎ ነበር። ጥርሷንና ቤቱን ምን እንዳገናኛቸው የትልልቅ ሰዎች ምስጢር ስለሆነ አልጠየቅኩም። አሁን ግን ዕቃው ሁሉ ታሽጎ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል፣ ሳሎኑ ባዶ ሆኗል፣ እኔም የእማዬ ድስቶች ያሉበት ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ከእግሬ ሥር እሱ ብቻ ቀርቷል።

እሱ ስል ምንጣፉን ነው። ቁምሳጥኑ ሲነሳ ከሥሩ አሥራ አምስት ዓመት ፀሐይ ያላየ ቁራጭ ወጣ። እትዬ፣ ለካ እኛ የምናውቀው ደብዝዞ ነው! አዲስ ሳለ የባሰ ነበር! ጉበት የመሰለ ቀይ፣ በላዩ ትሪ ትሪ የሚያካክሉ የሰናፍጭ ቢጫ ክቦች፣ በየክቡ መሃል አረንጓዴ ነጠብጣብ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ትዝ ይልሻል አይደል፣ እንግዳ ሲገባ የሆነ ነገር የተደፋ መስሎት እግሩን ሲያነሳ? በዚያው ቀልጦ የቀረው የጆሮ ጌጥ፣ ክኒን፣ አዝራር? እማዬ «በረሮ! በረሮ!» እያለች ስትጮህ እኔና አንቺ አፍጥጠን እያየነው ያላየነው ቀን? ክቦቹን በዘመዶቻችን ስም ጠርተን፣ «ዛሬ ደግሞ የአጎትን ሆድ ልርገጠው» እያልን እየዘለልንባቸው ነው ያደግነው። በክፍላችን በር ፊት ያለችዋን፣ ሌሎቹ ሁሉ ግድግዳው ጋ ሲቆረጡ እሷ ብቻ ሙሉ የሆነችዋን ክብ ደግሞ «የአባባ ስህተት» አልናት። «ልኬት ተሳስቶበት ነው እንዲህ የወጣችው» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሌሎች እህትማማቾች ልብስ ይዋዋሳሉ፤ የኔና ያንቺ የጋራ ንብረት ያንን ምንጣፍ መጥላት ነበር።

አባባንም አልማርነውም። እንዴት እንማረው? ሰውዬው መነጽር ሠሪ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሲመረምር ውሎ የሚመለሰው እዚህ ምንጣፍ ላይ ነው። «አባባ ምንጣፉን የገዛ ቀን መነጽሩን ረስቶ ነበር» የሚለውን ቀልድ ያስተማርሽኝ ገና አምስት ዓመቴ ሳለ ነው። ለእንግዳ ነገርኩ፣ ለጎረቤት ነገርኩ፣ የውሃ ቆጣሪ ለሚያነበው ሰውዬ ሳይቀር ነገርኩ። በየዓመቱም አሻሻልኩት። «አባባን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ትልቋን ፊደል አንብብ ብትሉት 'ቆንጆ ምንጣፍ' ይላችኋል» የምትለዋ የራሴ ፈጠራ ናት፤ የነገርኩሽ ቀን ስልኩን ጥለሽ ነው የሳቅሽው።

አምና ያችኑ ቀልድ አባባ መነጽር ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት ተናገርኳት። ሴትዮዋ ሳቀች። «እንግዲያው እኔም ዓይኔን ሌላ ቦታ ላሳይ ነው መሰለኝ» አለች። መቀለዷ ነው። ግን ቦርሳዋን አነሳች፣ «ተመልሼ እመጣለሁ» አለች፣ አልመጣችም። አባባም አብሮን ሳቀ። ከዚያ አንዲት ንጹህ የመነጽር መስታወት አንስቶ ለረጅም ጊዜ ጠረጋት። ይህንንም ደውዬ ነገርኩሽ። «አይ አባባ!» አልሽ። በቃ፣ «አይ አባባ» ብቻ።

ደግሞ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? አባባ በዚህ ቤት አንድ ነገር አይመርጥም። መጋረጃውን እማዬ ትመርጣለች፣ የግድግዳውን ቀለም አንቺ ከሩቅ በስልክ ትመርጫለሽ፣ ብርጭቆ እንኳ ገዝቶ ሲመጣ ሦስታችንም «አሳየን እስቲ» ብለን እንደ ጉምሩክ እንፈትሸዋለን። ባለፈው ሳምንት የላክሽውን መልእክት ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔው ቁንጫሽ ነኝ፦ «ቁንጫ፣ አደራ! አባባ ብቻውን ወለል ሊመርጥ እንዳይሄድ! ሌላ አሥራ አምስት ዓመት አንችልም!» እማዬ ፊቷን አዞረች። አባባ ግን ሳቀና «እሺ፣ አልሄድም» አለ። እውነትም አልሄደም።

ትናንት ከሰዓት ልኬት የሚወስደው ሰው መጣ። ጉልበቶቹ ላይ የጎማ ሽፋን ያሰረ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ሽማግሌ ነው። በሩ ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንግዳ ሁሉ እንደሚያደርገው ወለሉን አየ። እኔም የተለመደውን ቀልድ አፌ ላይ አዘጋጀሁ። ሰውዬው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ክፍላችን በር ሄደና ተንበርክኮ ስፌቱን በጣቱ ዳበሰ።

«ይሄ የኔ እጅ ነው» አለ።

«ምን አሉ?»

«እኔ ነኛ ያነጠፍኩት! አሥራ አምስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ይቺን ክብ እዪያት፣ እንዲህ ሙሉ ሆና በሩ ፊት እንድትውል ብዬ አንድ ሜትር ሙሉ ቆርጬ ጥያለሁ።»

«ልኬት ተሳስቶብዎት አይደል?»

«እኔን?» ተቆጣ፤ ከዚያ ሳቁ አሸነፈው። «ልጅቷ ናታ ያዘዘችኝ! ክንዴን የማታህል ልጅ። ሱቅ ውስጥ ጥቅልሉ ላይ በሆዷ ተኝታ 'ይሄ ካልሆነ አልነሳም' አለች። አባትየው ግራጫ መርጠው ጨርሰው ነበር እኮ፣ ጥሩ ግራጫ። ቢለምኗት፣ ቢያባብሏት፣ ወይ ፍንክች! መጨረሻ ላይ እሷንም ጥቅልሉንም አንድ ላይ አነሳናቸው። እዚህም መጥታ 'በኔ በር ላይ ሙሉዋ ትሁን' ብላ ቆመችብኝ።» ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ በራ። «አንቺ ነሽ አይደል? እንዴት አድገሻል!»

«እኔ ያኔ እማዬ ሆድ ውስጥ ነበርኩ» አልኩት።

አባባ ከኋላችን «ኡሁ ኡሁ» ብሎ ሳለ። ጉንፋን ሲይዘው እንኳ የማያስለው ሰው ሳለ። «ልኬቱን ብንጀምር አይሻልም?» አለ።

ሰውዬው እስኪሄድ እንዴት እንደጠበቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

«አባባ።»

«አቤት።»

«ማን ነው የመረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«አባባ!»

«ምንድነው እሱ? ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ አይደለሁ?»

እማዬ ከወጥ ቤት ጮኸች፦ «ንገራት በቃ! አሥራ አምስት ዓመት አፌን ዘጋህብኝ፣ ምላሴ ሊሻግት ነው!»

ነገረኝ። እየቆራረጠ፣ አንዴ የካርቶን ክዳን እያጠፈ፣ አንዴ እየዘረጋ። አሥራ ሁለተኛ ልደትሽ ነው። ጓደኞችሽ መጡ። አንደኛዋ በሩ ላይ ቆማ «ውይ! እዚህ ላይ ማን አስመልሶ ነው?» አለችና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንቺ እንደ ኖራ ነጣሽ። «እኔን ምን አገባኝ፣ አባባ ነው የመረጠው» አልሽ። አባባ ደግሞ ጭማቂ በትሪ ይዞ ልክ ከኋላሽ ቆሟል። ዞር ስትዪ ዓይን ለዓይን ተገጣጠማችሁ።

«አስተያየቷን ብታዪው...» አለኝ። ከዚያ ለጓደኞችሽ ምን እንዳላቸው ነገረኝ። «አዎ ልጆች፣ የገዛሁ ቀን መነጽሬን ረስቼ ነው።»

ገባሽ እትዬ? ቀልዱ የሱ ነው። አንቺን ከዚያ በር ላይ ለማውጣት እዚያው ቆሞ የፈጠረው ነው። አንቺ ደግሞ እንደዳንሽበት አንስተሽ ለኔ ሰጠሽኝ፤ እኔም ምኑንም ሳላውቅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስተኩስበት ኖርኩ።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ስትስቁ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ሁልጊዜ ደስ ይልህ ነበር?»

ካርቶኑን አንስቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ተመለሰና «በሞቴ፣ እንዳትነግሪያት። ታፍራለች» አለኝ። «አባባ ይሙት አልነግራትም» አልኩት። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እጅሽ ከገባ በገዛ እጄ አባቴን ገድዬዋለሁ ማለት ነው። ለጊዜው ደህና ነው፤ ማዶ ክፍል ዕቃ ሲጎትት ይሰማኛል።

የሰባት ዓመት ልጅ አስቀያሚ ምንጣፍ ብትወድ አልፈርድባትም። እኔ በሰባት ዓመቴ ሳሙና በልቻለሁ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጓደኞቿ ፊት ብትዋሽም እሺ ይሁን ልበል። አሥራ ስምንት ሲሞላሽስ? ሥራ ይዘሽ ስትሄጂስ? ያ መልእክት ባለፈው ሳምንት ነው የተላከው፣ እትዬ። «ሌላ አሥራ አምስት ዓመት አንችልም» ብለሽ ስትጽፊ ጣትሽ ትንሽ እንኳ አልደነገጠም?

ሌላ ሰው ቢዋሸኝ «ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ምን ይደረጋል» ብዬ አልፈው ነበር። ለጎረቤት «ቤት የሉም» ብዬ እንድናገር የሚልኩኝ እነሱ፣ «ልጅ አይዋሽም» ብለው የሚቆጡኝም እነሱ ናቸው፤ ለምጄዋለሁ። አንቺን ግን ከነሱ ጋር ቆጥሬሽ አላውቅም። አንቺ እኔ ጋ ነበርሽ። አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ተኝተን ሁሉን ነግረሽኛል። መጀመሪያ የወደድሽውን ልጅ ነግረሽኛል፣ ፈተና የወደቅሽውን ነግረሽኛል፣ ይቺን አንዷን ብቻ ደበቅሽኝ። ደብቀሽኝም አልተውሽኝም፤ እንድስቅ አደረግሽኝ። አብረን የምንስቅ መስሎኝ ነበር። ለካ አንቺ የምትስቂው በሌላ ነገር ነው፣ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። አሁን ቀልዶቼ አንድ በአንድ እየመጡ ይቆሙብኛል። ያቺ ቦርሳዋን አንስታ የወጣችው ሴትዮ ትመጣብኛለች።

ከሐዲ ነሽ። ከትናንት ጀምሮ ቀለል ያለ ቃል ስፈልግልሽ ዋልኩ፣ አደርኩ፤ አጣሁ። ከሐዲ።

ቅዳሜ አንቺ በጠዋቱ አውቶቡስ ትደርሻለሽ። ልኬት የወሰደው ሰውዬ የወለል ናሙናዎቹን ይዞ ይመጣና እዚህ ወለል ላይ ይደረድራቸዋል። «ማን ነው የሚመርጠው?» ይላል። እማዬ አንቺን ታያለች፣ አባባም አንቺን ያያል፣ እንደ ልማዳችን። እኔ ምንም አልናገርም፤ ማልያለሁ። አንቺ ግን እዚያው፣ ሰውዬው ፊት፣ «ያኔ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ አባባ ይምረጥ» በይ። ሌላ አልጠይቅሽም። አልቅሺ፣ እግሩ ላይ ውደቂ አላልኩም፤ እሱም ግራ ይገባዋል። ዝም ካልሽ ግን ከዚያ በኋላ የምትቀልጂው ቀልድ ሁሉ ከኔ ጋ ሲደርስ ይሞታል። ማስፈራራቴ አይደለም። ሳቄ እምቢ ይለኛል፣ ከአሁኑ ይታወቀኛል።

ነገ ይህን ለአውቶቡስ ሹፌሩ እሰጠውና

«ቁንጫ!»

እትዬ፣ ከኋላዬ ነው። ዕቃ መጎተቱ ካቆመ ቆይቷል ለካ፣ እኔ ልብ አላልኩም። ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሏል። ምን ያህል እንዳነበበ አላውቅም። ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት።

«ያቺን ሰርዢያት» አለኝ።

«የቷን?»

«ከሐዲ የምትለዋን። ሰባት ዓመቷ ነበር እኮ።»

«አሁን ሃያ ሁለቷ ነው፣ አባባ!»

«ቢሆንም።»

«አልሰርዝም።»

ይቆጣኛል፣ ይቀደዋል ብዬ ጠበቅኩ። ፖስታውን ከጉልበቴ ላይ አነሳ፤ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«እንግዲያው አድራሻውን እኔ ልጻፈው» አለ። «ባንቺ ጽሕፈት ከሆነ ሹፌሩ ለማን እንደሚሰጠው አያውቅም።»

አሁን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ስምሽን እየጻፈ ነው። ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል።

እህትሽ፣
ቁንጫ