ሃያ ዘጠኝ ለሃያ ዘጠኝ

ለምወድሽ እህቴ ለስታማቲያ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያሠቃይሻል? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? ትልቋ ትምህርቷን ጨረሰች? እዚያ ሜልቦርን ክረምቱ እየገባ ነው አሉ፤ እዚህ ግን በለሱ ቅጠል አውጥቷል፣ ፍየሎቹ ወልደዋል፣ ምንጩም አፉን ሞልቶ ይፈሳል። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ፓጎና ደህና ናት። እማማም ሰማንያ አራት ዓመቷን ደፍናለች፤ በጥር ሳንባዋን አሟት አስደንግጣን ነበር፣ አሁን ግን ድና ከዶሮዎቿ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች።

ይህ ደብዳቤ ከወትሮው ይረዝማል። በሦስት መስመር ደህና መሆኔን ነግሬሽ የምሰናበት ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። ዛሬ ግን የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

ባለፈው ወር ምርጫ ነበር። በአገር ደረጃ ሁለቱ ፓርቲዎች እስከ መጨረሻው ተናንቀው እንደነበር ሰምታችሁ ይሆናል። የኛን መንደር ነገር ደግሞ አልረሳሽውም፤ ስልሳ መራጭ፣ ሁለት ቡና ቤት። ከላይ አደባባዩ ላይ የኮስማስ ቡና ቤት አለ፣ እንደ ፓርቲያችን ቀለም በሩ አረንጓዴ ነው፤ ከታች ምንጩ ዘንድ የባልሽ ወንድም የሊያስ ቡና ቤት አለ፣ ወንበሩ ሳይቀር ሰማያዊ ነው። ውጤቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሠላሳ አንድ ለአረንጓዴው፣ ሃያ ዘጠኝ ለሰማያዊው። ሰዉ የሚሞተው እንኳ ተራ እየጠበቀ ይመስል ልዩነቱ ንቅንቅ አይልም።

በዚያ እሑድ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ምሽት ላይ ምርጫውን ልታስፈጽም ከከተማ የተላከች ወጣት ጠበቃ በድሮው የትምህርት ቤታችን ክፍል ውስጥ ሣጥኑን ከፍታ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ሰማያዊ ሃያ ዘጠኝ። አረንጓዴ ሃያ ዘጠኝ። ሁለት ፖስታ ውስጥ ደግሞ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት። ኮስማስ ለድሉ ሊተኩስ ያጎረሰውን ጠመንጃ እንደ ዣንጥላ ተደግፎት ቀረ። «ይቆጠር! እንደገና ይቆጠር!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ሦስት ጊዜ ቆጠረችና «አባቴ፣ ወረቀት ሲቆጠር አይወልድም» አለችው። ሊያስ ደግሞ ከኋላ ሆኖ «የኛ ሃያ ዘጠኝ ሙሉ ነው። የጎደለው ከናንተ በረት ነው፤ ፍየሎቻችሁን ፈልጉ!» አለ። ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ጥርሱን ነከሰ።

ኮስማስ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። «አርጊሪስ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፓርቲ ቅርንጫፋችን ጸሐፊ ነህ፤ የስም ዝርዝሩ ያንተ እጅ ላይ ነው። በሳምንቱ እሑድ የሁለቱን ከሃዲዎች ስም ቡና ቤቴ ታመጣልኛለህ» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

ስታማቲያ፣ ከሁለቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ለምን እንዳደረግሁት ልንገርሽ። ወደ መንደራችን የሚያመጣውን መንገድ ታስታውሺያለሽ? አረንጓዴዎቹ ሥልጣን ላይ ሳሉ ከታች ከከተማው ጀምረው እስከ መቃብር ስፍራው አስፋልት አነጠፉ። ሰማያዊዎቹ በተራቸው ሲመጡ ከላይ ከአደባባዩ ጀምረው እስከ ወፍጮው አነጠፉ። ከወፍጮው እስከ መቃብሩ ያለውን አራት መቶ ሜትር ማንም አልነካውም። አሥር ዓመት ሙሉ ጭቃ ነው። በጥር እማማ ትኩሳቷ ነድዶ መተንፈስ ሲያቅታት ታክሲ ጠራን። ታክሲው ሲመጣ እንደምንም ቢያልፍም እሷን ይዞ ከአደባባዩ ሲወርድ ወፍጮው ዘንድ ሰመጠ። እኔና ሹፌሩ ብንገፋ ብንገፋ አልሆነም። ሊያስ ሳንጠራው ትራክተሩን እያስጓራ መጣ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ሰላም ተባብለን እንደማናውቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ገመዱን አሰረ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ። «እስቲ ንገረኝ አርጊሪስ፣ ይሄ የናንተ ጭቃ ነው ወይስ የኛ?» አለኝ። ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፣ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እማማ ከታክሲው ውስጥ «እናንተ ልጆች፣ እኔ እኮ እየሞትኩ ነው፤ ሳቁን ለኋላ አቆዩት!» ብላ ተቆጣችን።

ምርጫው ሲቃረብ የኛ እጩ መጣ። አራት መቶ ሜትሩን እንጨርሳለን አለ። «እስከዛሬስ ለምን አልጨረሳችሁም?» ብዬ ጠየቅሁት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ወንድሜ፣ እናንተ እኮ የኛው ናችሁ፣ ስለ እናንተ ሐሳብ የለብንም» አለኝ። ይህን ወፍጮው ዘንድ ለሊያስ ስነግረው እሱም የራሱን ነገረኝ። የነሱ እጩ ሲጠየቅ «የናንተ መንደር እኮ ከድሮም የነሱ ነው» ብሎ መልሷል። አንደኛው የኛ ስለሆናችሁ አልሠራም አለ፤ ሁለተኛው የኛ ስላልሆናችሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ላይ ያለው የቅርንጫፉ ማኅተም የሌላ ሰው ዕቃ መሰለኝ።

አባባን አልወቅሰውም። ለአባባ ቀለሙ ቀለም ብቻ አልነበረም፤ ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የተገረፈበት ጠባሳ እስከሞተ ድረስ ጀርባው ላይ ነበር። የባልሽም አባት ወንድሙን ያጣው በዚያኛው በኩል ነው። እነሱ የሚያዝኑበት ነበራቸው። እኔ ግን የወረስኩት ጥላቻውን ብቻ ነው፤ ለምን እንደምጠላ ብጠየቅ የምመልሰው አልነበረኝም። በምርጫው ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ የሁለቱን ፓርቲ ወረቀት ግራና ቀኝ ይዤ ስቆም ያ ሁሉ መጣብኝ። ነጩን አጥፌ ፖስታው ውስጥ ከተትኩ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ስሚ። በማግስቱ ኮስማስ በራሱ መንገድ መርምሮ አንዷ ከሃዲ ፓጎና ናት አለ፤ ከሌላ መንደር የመጣች ናትና፣ ወንድሟም ሰማያዊው ከንቲባ ዘንድ ሹፌር ነውና። ማክሰኞ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡባት። ረቡዕ የኮስማስ ሚስት ሰላምታዋን አልመልስ አለች። ፓጎና ቤት ገብታ ሻርፏን ወንበር ላይ ጣለችና «ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ ዛሬም መጤ ነኝ? አንተ ያልከኝን አይደል የከተትኩት! ለምን ሄደህ አትነግራቸውም?» አለችኝ። እነግራቸዋለሁ አልኳት፤ አልነገርኳቸውም። አራት ቀን ሙሉ ሚስቴ በእኔ ጥፋት ስትወቀስ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ጧት ፍየሎቹን ስታልብ አገኘኋትና «እኔ ነኝ፣ ፓጎና» አልኳት። እጇን ከጡቱ ሳታነሳ የያዘቻትን ፍየል አልባ ጨረሰች። ኋላ «እኔ ላይ እንዲህ ሲሆን አይተህ ዝም ካልክ ያገባሁት ሰው አይደለህም። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተናገር፤ ያኔ ባሌ ትሆናለህ» አለች።

እሑድ አባ ስቴሪዮስ ቀድሰው እንደጨረሱ ኮስማስ ቡና ቤት ገባሁ። ጢም ብሎ ሞልቷል። ሊያስና ጥቂት የሱ ሰዎች ሳይቀሩ ወሬ ሊሰሙ በር ላይ ቆመዋል። ኮስማስ «እህ፣ ጸሐፊ፣ ስሞቹን አምጣ!» አለ። ማኅተሙን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «አንዱ እኔ ነኝ። ፓጎናን ይቅርታ ጠይቋት» አልኩ። ኮስማስ ፊቱ አመድ መሰለ። «አንተ? የዲሞስ ልጅ? አባትህ ከመቃብር ቢነሳ ምን ይልሃል?» አለኝ። «ሁለተኛውስ ማን ነው?» ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «አላውቅም» አልኩት፤ እውነቴን ነበር።

ያኔ በር ላይ የቆሙት መንገድ ለቀቁ። እማማ ናት። ከተወለደች ጀምሮ እግሯ ያን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ሴት አይገባበትማ። በትሯን እያንኳኳች መጥታ መሐል ቆመች። «ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ልጁን ተወው ኮስማስ፣ ደም ግፊት አለብህ» አለችው። አንድ ሰው ብርጭቆ ሲወድቅበት ሰማሁ። ኮስማስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ ዛሃሮ፣ ምናልባት ተሳስተው ይሆናል፤ እርስዎ ማንበብ አይችሉም» አላት። «ልክ ነህ፣ አልችልም። እስከ መጨረሻው ማንበብ የቻልኩት ያን አንዱን ወረቀት ብቻ ነው» ብላ መለሰች።

ሊያስ ሊስቅ ሲል እሱንም አየችው። «አንተም አትሳቅ። አንተን መረጥኩ አላልኩም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ባሌ ያለኝን ከተትኩ፤ እሱ ሲሞት ልጄ ያለኝን ከተትኩ። ለዚህ ቀለማችሁ ምን ሰጠሁ? አንዲት ሴት ልጄን። እነሱ ምን መለሱልኝ? ግማሽ መንገድ! ለኔ ይበቃኛል። እናንተ ጨዋታችሁን ቀጥሉ» አለች። ከዚያ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «ቡና የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አለች። ኮስማስ ራሱ አፍልቶ አመጣላት።

ስላንቺ ስትናገር የማየው አጥቼ መሬት መሬቱን አየሁ። በሰርግሽ እሑድ የት እንደነበርኩ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ምርጫው ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ከተማ ወርጄ ባንዲራ ስሰቅል ዋልኩ። አባባ ሰማያዊ ቤት ሰርግ አልሄድም ብሎ ቀረ፣ የባልሽም አባት አረንጓዴ ሙሽራ አልቀበልም ብሎ በሩን ዘጋ፤ እኔ ግን የሠላሳ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ፣ ማንም አልያዘኝም። መሄድ እችል ነበር፤ እናንተ ግን ሁለቱም ቤት ተዘግቶባችሁ ሜልቦርን ገባችሁ። ይቅር በይኝ እህቴ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ኮስማስ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ፓጎናን ግን ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት፤ ቢቆጨውም ጨዋ ነው። እኔ በዚያው እሑድ ማግስት ሊያስ ዘንድ ስገባ «ምነው፣ ሰማያዊ ሆንክ እንዴ?» አለኝ። «አልሆንኩም» አልኩት። «ጎሽ፣ ያንተን ዓይነቱን ሰው አንፈልግም፤ ስኳር ስንት ላድርግልህ?» አለኝ። አሁን አንድ ቀን ላይ፣ አንድ ቀን ታች እጠጣለሁ። ሁለቱም ዘንድ ይሰድቡኛል፤ ይገርምሽ ይሆናል፣ እንቅልፌ እንዲህ ሰላም ሆኖ አያውቅም። ከፋሲካ በኋላ ከሁለቱም ቤት አሥራ አራት ሰው ሆነን አካፋ ይዘን ወጣን፣ የሊያስ ትራክተር ከወንዙ ጠጠር አመላለሰ፣ ያን አራት መቶ ሜትር በአምስት ቀን ሞላነው። ኮስማስ በሁለተኛው ቀን ሰላም ሳይለኝ የእጅ ጋሪውን እየገፋ መጣ። በሦስተኛው ቀን «አካፋ አያያዝ እንኳ አታውቅም» አለኝ። ታረቅን ማለት ነው።

ትናንት ልጽፍልሽ እንደሆነ ስነግራት እማማ አጠገቤ ቁጭ ብላ የምትልሽን አስጻፈችኝ። ቃል በቃል ነው፦ «ልጄ ስታማቲያ፣ የሰርግሽ ክላርኔት በበራችን ሲያልፍ ከመስኮቱ መዝጊያ ጀርባ ነበርኩ። አባትሽ ከጓሮ እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ ድምፁን እንዳይሰማ ነው የሚፈልጠው። እኔ ጓዳ ገባሁና ጫማዬን አውልቄ፣ ኮቴዬ እንዳይሰማ፣ ክላርኔቱ እስኪርቅ ብቻዬን ጨፈርኩልሽ። ሰርግሽ ላይ ነበርኩ። ይህን ሳልነግርሽ ልሞት ነበር።» ይህን ብላ ተነሥታ ዶሮዎቿን ልታስገባ ሄደች።

ለነሐሴው የእመቤታችን በዓል ኑ። ሊያስ ጠረጴዛዎቹን ከሁለቱም ቡና ቤት አውጥተን አደባባዩ ላይ እንደረድራቸዋለን ይላል። ባትችሉም ደውይላት፤ ስልኩ እኛ ዘንድ ገብቷል፣ ቁጥሩን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ።

ፓጎና በጣም አድርጋ ትስምሻለች። አባ ስቴሪዮስ ይባርኩሻል። ኮስማስ ሰላም በልልኝ ብሏል። ትልቋን ልጅሽንና ሁለቱን መንትዮች ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ አጎት እንዳላቸው ንገሪያቸው። እስከዛሬ በጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ «ቤተሰብሽን ሰላም በይ» እያልኩ ነበር የማልፈው፤ የአንድ ሰው ስም ላለመጻፍ ነበር፣ አንቺም ገብቶሽ ዝም አልሽኝ። አሁን እጽፈዋለሁ። ፎቲስን፣ አማቼን ፎቲስን፣ አርጊሪስ ሰላም ብሎሃል በይው።

ወንድምሽ አርጊሪስ
ሜሶራሂ፣ ሜይ 14 ቀን 2000