በባሕራው ሜዳችን ላይ ስለቆሙት ቦቴዎች የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሐጂ ጀውሀር፣ በባሕራ የሐበሾች ስፖርት ማኅበር ሊቀመንበር፤
ባሉበት።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰንብታችኋል? በተለይ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሊቀመንበራችን በሆኑባቸው ዓመታት ሁሉ ኳስ ሲነኩ አይተን ስለማናውቅ፣ ሳይጎዳ እንደ አዲስ ተቀምጧል ብለን እናምናለን።

እኔ ሸምሲያ እባላለሁ፤ ጅዳ በሰው ቤት እሠራለሁ። ለግቡ መረብ ከቋጠሩት ሴቶች አንዷ ነበርኩ፤ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። በደብዳቤ የጻፍኩልዎ በስልክ ስደውል “ያ ኡኽቲ፣ መሽጉል ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ በኋላ ደውዪ” ስለሚሉኝና ያ በኋላ እስካሁን ስላልመጣ ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ከተባለ፣ የእኛው ጥፋት ነው። ከጋራዦቹ ጀርባ ያለው መሬት ድንጋይና አሮጌ ጎማ የሞላበት ነበር። የቀን ሠራተኞች ወንድሞቻችን ለቅመው አጸዱት፣ በያጁ ጫላ ከአሮጌ ቧንቧ ግብ ሠራለት፣ እርስዎም ስታዲየም ብለው ስም አወጡለት። መሬቱ የአንድ ሳዑዲ ሽማግሌ ስለሆነ ኪራዩን የሚዋዋል ኢቃማው፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የተስተካከለ ባለሱቅ አስፈለገ፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከመካከላችን እርስዎ ብቻ ነበሩ። ዱዓ የሚያደርጉልን ሼህ አሊዪ እጃቸውን ዘርግተው “ውሉ በጀውሀር ስም ይሁን፣ ሜዳው ግን የጀመዓው፣ የሁላችንም ነው፤ አላህ አማናውን፣ አደራውን ይጠብቅልን” ብለው ዱዓ አደረጉ፣ እኛም አሚን አልን። ከሁላችንም አሚን ጮክ ብሎ የተሰማው የእርስዎ ነበር። ዱዓ ከተደረገ በኋላ ወረቀት መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር በመሆኑ፣ በመካከላችን የሚጻፍ ነገር ይኑር ያለ አልነበረም። ይህን ነውራችንን በሚገባ ስለተረዱልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛው፣ ዘንድሮ የውሉ ዘመን ሲያልቅ ለማንም ሳይነግሩ በሱቅዎ ስም አሳድሰው፣ ሜዳውን ለውሃ ቦቴዎች ማቆሚያ ማከራየትዎ ነው። ሼህ አሊዪ ሲጠይቁዎት “ውሉ በስሜ ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ” አሉ። ባለመሬቱም ዘንድ ሄደን ነበር። ሰውየው ሻይ ጋብዘውን፣ ማኅበር የሚባል ነገር መኖሩን ሰምተው እንደማያውቁ፣ ያከራዩትም ለጀውሀር ብቻ እንደሆነ በትሕትና ነገሩን። ስለ እኛ አንድም ቀን አንስተው ሽማግሌውን ሳያስቸግሩ መኖርዎ አስተዳደግዎን ያሳያል። የጫላ ግብ ደግሞ ለሾፌሮቹ የጥላ ሸራ መወጠሪያ ሆኗል፤ መረቡን ግን ማን እንደወሰደው አላወቅንም።

የመጨረሻው የግሌ ነው። ወንድሜ ኑረዲን መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ውስጥ ከብዙ ወንዶች ጋር በአንድ ክፍል ይኖራል። እኔ እዚያ መግባት አልችልም፣ እሱም ወደ አሠሪዬ፣ ወደ ማዳሜ በር መጠጋት አይችልም። እዚህ ጅዳ ባላድ ገበያ እንዳልቀጥረው እሱ ከሥራ ወጥቶ አይደርስልኝም፤ መካ እንዳልሄድ ሳይመሽ ከመግሪብ በፊት መመለስ አለብኝ። ባሕራ ግን በጅዳና በመካ መካከል ስላለ ለሁለታችንም ይቀርባል፤ ሜዳውም የሴቶች መቀመጫ ስላለው ማዳም ትፈቅድልኝ ነበር። ጁምዓ ከሰዓት ሲጫወት አየዋለሁ፣ ሲደክመው መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥና ስለ እናታችን እናወራለን። ይኸው ነበር።

በሩ በተዘጋ ቀን ጠባቂው የግል ንብረት ነው ብሎ ሲመልሰን፣ ይዤለት የመጣሁትን ሳምቡሳ አጥር ተደግፈን በላን፤ የቦቴ ሾፌር ጥሩምባውን ሲነፋብን ተለያየን። ማዳምም ሜዳው መዘጋቱን ስትሰማ “ኸላስ፣ እንግዲህ የት ልትሄጂ ነው?” ብላ የጁምዓ ዕረፍቴን አስቀረችው። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን አላየሁትም። ሐጂ፣ በጣም ተናድጃለሁ፤ ንዴቴን በትሕትና መሸፈን ካቃተኝ ይቅር ይበሉኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ጁምዓ ከሰዓት ቦቴዎቹ ወጥተው በሩ ይከፈት። በቀሩት ቀናት ስታዲየሙ እንደ ውልዎ የእርስዎ ይሁን።

ጤናና ዕድሜ፣ ለቦቴዎቹም ሰፊ ቦታ እየተመኘሁልዎ፣ በስምዎ የሚመዘገብ ሌላ ነገር ስላልቀረኝ ሳልፈራ የምጽፍልዎ አክባሪ እኅትዎ፣
ሸምሲያ፣ ከጅዳ

ማሳሰቢያ፦ ለአዲሱ ሥራዎ በረካ ዱዓ እንድናደርግልዎ የላኩት መልእክት ደርሶናል። ባለፈው ጁምዓ ጀመዓው በሩ ላይ ተሰብስቦ ነበር፤ እኔም በስልክ እሰማ ነበር። ሼህ አሊዪ “አላህ ሆይ፣ ጀውሀር የእኛን አማና እንደጠበቀልን፣ አንተም የእሱን ንብረት እንዲሁ አድርገህ ጠብቅለት” አሉ፤ ሁላችንም አሚን አልን። የጎደለው የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው፤ እባክዎ ባሉበት ሆነው እንደ ድሮው ጮክ ብለው አሚን ይበሉልን።