የመጋረጃው ሰማያዊ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ለቀቅ አደረገዎት ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ያስቸግርዎታል? የዓይን ጠብታውን እንደማይዘሉ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንደሚዘሉ ግን አውቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ለወጉ ያህል አይደለም፣ እውነትም ደኅና ነኝ። ልጅዎ፣ ባለቤቴ፣ ካረፈ ወዲህ በጻፍኩልዎ ደብዳቤ ሁሉ ይህን ቃል ስጽፍ እየዋሸሁ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

የሦስት ወር ሙከራዬ አልቆ ማተሚያ ቤቱ በቋሚነት ካልቀጠረኝ ጓዜን ጠቅልዬ እርስዎ ዘንድ ልመጣ ተስማምተን ነበር። የልጄን ክፍል አጽድቼ እጠብቅሻለሁ ብለውኛል። እንግዲህ የሆነውን ልንገርዎት።

በመጨረሻው ሳምንት አንዲት የመጋረጃ ነጋዴ አምስት ሺህ ብሮሸር አዘዘችን። ዲዛይኑ የእኔ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለው ሰማያዊ መጋረጃ ኮምፒውተሬ ላይ ሲታይ ዓይን ይሰርቃል። በስልኳ ላክኩላት፤ እሷም ይሄማ ልዩ ነው፣ ቶሎ አትሙልኝ አለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ፋይሉን ወደ ማሽን ክፍል ሰደድኩ።

ማተሚያውን የሚያንቀሳቅሰው ማሽኒስት ታዲያ የራሱ ሕግ አለው። የመጀመሪያዋ ወረቀት ስትወጣ ዲዛይነሩ ራሱ ወርዶ፣ በር ላይ በፀሐይ ብርሃን አይቶ ካልፈረመ ሥራውን አይጀምርም። ባልደረቦቼ ሳያዩ ይፈርሙለትና ዞር ሲል ዳኛው እያሉ ይስቁበታል። እኔም በጥድፊያ እስክሪብቶ ሳወጣ፣ ፊርማሽ ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ደኅና አድርገሽ እዪልኝ አለኝ።

ሳይ ሰማያዊዬ የለም! ብዙ ዓመት ፀሐይ የመታው ወይን ጠጅ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ማሽኒስቱ ያስረዳኝን እንደገባኝ ልንገርዎት። ኮምፒውተርና ስልክ ቀለም የሚሠሩት በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይቀላቅላሉ፣ ሦስቱም ሲበሩ ነጭ ይሆናል። ይህን አርጂቢ ይሉታል። ማተሚያው ግን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው አራት ቀለም ነው፤ ውሃ ሰማያዊ፣ ደማቅ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። እነዚህ ሲደራረቡ እየጠቆሩ ይሄዳሉ። ይኼኛው ሲኤምዋይኬ ነው። ለወረቀት የሚሠራ ሰው ገና ፋይሉን ሲከፍት ሁለተኛውን መምረጥ አለበት። እኔ ግን ከዚህ በፊት የሠራሁት ለስልክ የሚሆን ማስታወቂያ ብቻ ስለነበር፣ እንደ ልማዴ የብርሃኑን መርጬ ኖሯል። ያ የሚያበራ ሰማያዊ ደግሞ በአራቱ ቀለም ቢሉ ቢሠሩት አይወጣም።

መፈረም እችል ነበር። ነጋዴዋ ወዳዋለች፣ ሥራው ለነገ ይፈለጋል፣ ለእኔ ደግሞ የቀረኝ አራት ቀን ነው። ይቁም ካልኩ አላዋቂነቴን በገዛ አፌ መናገሬ ነው። ማሽኒስቱ ወረቀቷን ይዞ ጠበቀኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አይታተም አልኩ።

አለቃችን ቁና ቁና እየተነፈሰ ወረደ። ሦስት ወር ሙሉ ምን ስትሠሪ ከረምሽ አለኝ።

ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይሬ ብሠራውም ሰማያዊው የስክሪኑን ያህል አልደመቀም። ማሽኒስቱ ከስክሪኑ ጋር አትጣዪ፣ ጨርቁን ራሱን አስመጪው አለኝ። ነጋዴዋ መጋረጃዋን ተሸክማ መጣች። በር ላይ ዘርግተን፣ ሮዙን እየቀነስኩ፣ በሦስተኛው ወረቀት ሰማያዊው ከጨርቁ ጋር ገጠመ። ነጋዴዋ አፏን በእጇ ያዘች። ለካ ስልኬ ነው ሲያቆላምጠኝ የኖረው፣ ደንበኞቼ ፎቶ አይተው መጥተው ይሄ እኮ አይደለም እያሉ የሚነዘንዙኝ ለዚህ ነው አለች። ብሮሸሩ አንድ ቀን ዘግይቶ ወጣ፤ እሷ ቅር አላላትም።

ዓርብ ዕለት አለቃዬ ጠራኝ። ስንብት ነው ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር። ስህተቱን ከአምስት ሺው በፊት የሚናገር ሰው እፈልጋለሁ፣ ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነሽ አለኝ። እናቴ፣ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓቴን ማሽን ክፍል ነው የማሳልፈው፤ ስለ ቀለም ገና ብዙ የምጠይቀው አለኝ።

ስለዚህ ክፍሉን ለእኔ ብለው ባዶ አያስቀምጡት። ይህን ስጽፍ እንዳይከፋዎ ፈርቻለሁ፤ ግን ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

በወሩ መጨረሻ እሑድ መጥቼ አይዎታለሁ። ብቻዬን አልመጣም። ሲጨብጡት ጥፍሮቹ ሥር ጥቁርና ሰማያዊ ቢያዩ ቆሻሻ እንዳይመስልዎ፤ የሥራ ቀለም ነው፣ በሳሙና አይለቅም። እኔም አጥቤ ሞክሬዋለሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ምርቃትዎንም አይንሳኝ።

ምንም ቢሆን ልጅዎ