መርዝ ያሰሩት የእትዬ ቆልፌ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ቆልፌ ከአንጥረኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ክረምት ተወለዱ። አዋላጇ ስትምል እንደኖረችው፣ ሕፃኗ ከማልቀሷ በፊት ክፍሉን ዙሪያውን ገልመጥ አድርጋ አይታዋለች። አዋላጇን ያመናት ባይኖርም የእትዬን ግልምጫ የቀመሰ ሰው ነገሩን አይጠራጠርም።

በልጅነታቸው የአባታቸውን ወናፍ እየነፉ አደጉ። የማቅለጫው ጭስ አባታቸውን ሲያስላቸው እያዩ፣ "ይኼን ጭስ አንድ ቀን አስረዋለሁ" ይሉ ነበር። ጎረቤት ሳቀ፤ ጭስ በምን ገመድ ይታሰራል? እሳቸው ግን በ1969 ዓ.ም. በኬሚስትሪ በዲግሪ ተመርቀው በመዳብ ማቅለጫው ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. የፋብሪካውን የቶርኖ ባለሙያ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባላቸው ዝምተኛ ስለነበሩ በዚያ ቤት የተነሳ ጠብ ሁሉ በአንድ ወገን ብቻ የተካሄደ ነው።

የመዳብ ድንጋይ ሲቀልጥ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ከጭሱ ጋር ይወጣል። እትዬ ያንን መርዝ በጋለ አሲድ ውስጥ ከብረት ጋር አጋብተው ፈዛዛ አረንጓዴ ድንጋይ አደረጉት። የትምህርት ቤት ስሙ ስኮሮዳይት ነው። ሰው ሲጠይቃቸው "መርዙንማ ቆልፌዋለሁ" ስለሚሉ ስማቸው በዚያው ቀረ። ድንጋዩ ትንሽ ጎምዘዝ ባለ ውኃ ውስጥ ጨዋ ነው፤ እስረኛውን አይለቅም። ጠላቱ ኖራ ነው። ኖራ ሲነካው ብረቱ ዝገት ይሆናል፤ መርዙም ተፈትቶ ውኃ ተከትሎ ይሄዳል።

በ1999 ዓ.ም. ፋብሪካውን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ የድንጋዩ ክምር ዓይን ያስጠላል ብሎ በመኪና በመኪና ኖራ አስመጣ። ሥራ አስኪያጁን በዚህ ጽሑፍ አንቱ ያላልነው ረስተን አይደለም፤ እሱ እሳቸውን አንቺ ብሎ ስለጀመረ ነው። እትዬ መኪናው ፊት ቆሙ።

"ኖራ እንዳይነካው፤ ይፈታል" አሉት።

"ድንጋይ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። ድንጋይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኖራ የፈራው? ዞር በይ፣ ሹፌሩ እንዳይገጭሽ።"

ክምሩ እንደ ሙሽራ ነጣ፤ እንግዶቹም አጨበጨቡ። ክረምት ሲገባ ግን ከክምሩ ሥር ዝገት የመሰለ ውኃ ወረደ። በታችኛው ሰፈር ከብት ወደቀ፤ የልብስ አጣቢዎቹ መዳፍ እንደ ዛፍ ቅርፊት ደደረ። አጣሪ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፍቶ፣ "ምን ላድርግ፣ የሴትዮዋ ድንጋይ ነው የከዳን" አለ። ኖራ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም። ሹፌሮቹም ለእንጀራቸው ሰግተው ዝም አሉ። እትዬ ከሥራ ተባረሩ። የታችኛው ሰፈር ሰው በደጃቸው ሲያልፍ "መርዟ" እያለ ምራቁን ተፋ።

ሌላ ሰው ቂምን በሆዱ ይይዛል፤ እሳቸው በብልቃጥ ያዙት። በወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ ሁለት ብልቃጥ ውኃ ደረደሩ። በሁለቱም አረንጓዴው ድንጋይ አለ፤ በአንደኛው ውስጥ ግን ኖራ ጨመሩበት። ኖራ የሌለበት እስከ ዛሬ እንዳማረበት ነው፤ ኖራ የገባበት ዝጓል። ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። ከታችኛው ሰፈርም ብዙዎች መጥተው ጉልበታቸውን ስመው ይቅርታ ጠየቁ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እትዬ ካሳም ሹመትም አልፈለጉም፤ "ኖራውን ያስደፋሁት እኔ ነኝ" የምትለዋን ቃል ከእሱ አፍ፣ በሰው ፊት መስማት ነበር ምኞታቸው።

ኩላሊታቸው ታምሞ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ እሱ አበባ ላከላቸው። እሳቸውም ለጎረቤት ፍየል አስላኩት፤ ፍየሏ አሽትታ ጥላው ሄደች። ልጃቸው፣ "እማዬ፣ በቃ ይቅር በይው" ብትላቸው፣ "እለዋለሁ፤ ምኑን ይቅር እንደምለው ግን መጀመሪያ ይንገረኝ" አሏት።

እትዬ ቆልፌ ያችን ቃል ሳይሰሙ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ሬሳቸውን የሚሸከሙት አራት የወንድሞቻቸው ልጆች ከኋላቸው ቀርተዋል።

ሥራ አስኪያጁ ዛሬ በመካከላችን፣ በፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። የስንብት ንግግር ላድርግ ብሎ ራሱ ጠይቋል፤ ቤተሰቡም በደስታ ፈቅዷል። ወረቀቱን ከኪሱ ለማውጣት አይድከም፤ ከእሱ የሚጠበቀው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፣ እሷንም አሁን ሰምቷታል። አራቱ የወንድም ልጆች እሱ እስኪናገራት ድረስ ሣጥኑን አያነሱም። ቀኑ ገና ነው፤ ማንም የሚቸኩል የለም።

አምላክ የእትዬ ቆልፌን ነፍስ በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን። የእሱንም አንደበት ይፍታልን።