ከዳለቻ ታፋ የተወሰደችው ቁራሽ

ኢልቢሲል፣ ካጂያዶ
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8 (ቀኑን ማንንም ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት)

ለበኩር ልጄ ለሬሲያቶ፣ ሆላንድ፤

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ልጅ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? በአገራችን ወግ መጀመሪያ ስለ ልጆች፣ ቀጥሎ ስለ ከብቶች ይጠየቃል። ሁለተኛውን እንዳልጠየቅሽኝ እቆጥረዋለሁ፤ እደርስበታለሁ።

ይህ የአባትሽ የእጅ ጽሑፍ ነው። አዎ፣ የእኔ! ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ቁጭ በዪ። በማታው ትምህርት ቤት ከዚያ ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣው ጎረቤታችን ኦሌ ኬሬያ፣ «መምህርቷ አንደኛ ያደረገችህ ጉራህን መስማት ሰልችቷት፣ ቶሎ እንድትገላገልህ ነው» ይላል። ቅናት ነው። እሱ ስሙን ሲጽፍ እንደ ወላድ ያምጣል። እኔ ግን ባለፈው ገበያ የክሊኒኩን ግድግዳ፣ የስኳሩን ከረጢት፣ የአውቶቡሱን ጀርባ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። እናትሽ ኩታዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ የማታውቀኝ መሰለች።

እስካሁን የምንነጋገረው በወንድምሽ በኮይሌከን ስልክ ነበር። ስልክ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ወንድምሽ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ጨው ሊበደር የመጣ ሁሉ ይሰማል። እኔ የቲፓንኮ ልጅ ደግሞ ሰው ፊት አልለምንም። ወረቀት ግን የሰጡትን ይዞ ይሄዳል እንጂ ዞሮ አያወራም። ስለዚህ ልለምንሽ ነው።

ዝናቡ ዘንድሮም ቀረ። ሳሩ ሲያልቅ፣ ሳይሞቱ ጥቂቱን ልሽጥ ብዬ ወይፈኖቹን ገበያ አወጣሁ። ነጋዴው አንዱን ከጥርሱ እስከ ጭራው አየና፣ «አባባ፣ ልግዛው ወይስ ላስታምመው?» አለኝ። «ናይሮቢ ያሉ ሀብታሞች ከአኩሪ አተር የተሠራ ሥጋ መብላት ጀምረዋል። ያንተም ልጅ ፈረንጅ አገር ሥጋ በጋን ታበቅላለች አሉ። ከቤትህ የወጣች ልጅ ገበያህን እየዘጋች፣ አጥንት ይዘህልኝ ትመጣለህ?»

«አተር ከመቼ ወዲህ ነው ቀንድ ያወጣው?» አልኩት። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ወይፈኖቹን ግን ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ እኔና ኮይሌከን መንጋውን ይዘን ወደ ቺዩሉ ኮረብታዎች ሳር ፍለጋ ወጣን። ያንን ሲንቀሳቀስ አቧራው ፀሐይ የሚጋርደውን መንጋ ታውቂዋለሽ። ስንመለስ ዱላችንን ይዘን ነበር የተመለስነው። ሌላ የያዝነው አልነበረም። አሁን በረቱ ውስጥ ያለችው ላማችን ዳለቻ ብቻ ናት፤ እሷም የተረፈችው ለመንገዱ አቅም ስላልነበራት እቤት ትተናት ነው።

ካቻምና አለቃሽን ዮሪትን ይዘሽ የመጣሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ከዳለቻ ታፋ ላይ በጋን የሚያበቅላትን የባቄላ ፍሬ የምታክል ሥጋ ወሰደና ቁስሉን ሰፍቶ፣ «ይኸው፣ አልሞተችም!» እያለ ራሱ ተገረመ። ምን እንዳልኩት አልረሳሁም። «እኛ የላም አንገት በቀስት ወግተን ደም ቀድተን ስንጠጣ፣ ላሟም ሣር ልትግጥ ስትሄድ፣ ያንተ አያቶች ገና ቢላ ይስሉ ነበር። ይህን ነገር የፈለሰፍነው እኛ ነን፤ ዋጋውን ስላልጠየቅናችሁ አመስግኑን።» አንቺ ስትተረጉሚለት እስኪያለቅስ ሳቀ።

ከዚያ ሊከፍለኝ ኪሱ ገባ። እኔም፣ «ከከፈልከኝ ገዢ ነህ። ካልከፈልከኝ ፓኪቴንግ ነህ» አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ፓኪቴንግ» አለ፣ እንደ ሳል አድርጎ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን እንደገባኝ ነገሩን አልተረዳውም። ስለዚህ በደንብ አስረጂው። ከብት ተሰጣጥተው የተዛመዱ ሰዎች ከዚያች ቀን ወዲያ በስም አይጠራሩም፤ ፓኪቴንግ ነው የሚባባሉት። የአንዱ በረት በድርቅ ባዶ ሲሆን ሌላው ሳይጠሩት ይመጣል፤ ጊደር እየነዳ ይመጣል። አባቴ ከታንዛንያ ድረስ ጊደር እየነዳ በእግሩ የመጣ ፓኪቴንግ ነበረው። እኔን ያሳደገኝ የዚያች ጊደር ወተት ነው፤ አንቺንም ያሳደጉሽ የልጅ ልጆቿ ናቸው።

እንግዲህ በረቴ ባዶ ሊሆን ነው። ለፓኪቴንጌ ንገሪው። አንድ ጊደር ብቻ። በመርከብ ይላክ አላልኩም፤ ከብት ከተረፈላቸው ሰዎች እዚሁ ያግኝልኝ። በእሷ እንደገና እጀምራለሁ። ከብት የሌለው ሽማግሌ ሸንጎ ላይ ሲናገር ሰው ያዛጋል፤ እኔ ደግሞ ብዙ የምናገረው አለኝ።

እናትሽ ግን ሳቀችብኝ። «የሬሲያቶ አባት፣ ያ ፈረንጅ ቅንጣት ሥጋ ወሰደ እንጂ ላም መቼ ነዳ?» አለች።

«ከላም የተወሰደ ላም ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ከሚነክሷት ዝንቦችም ጋር ፓኪቴንግ ሆነሃል በላ!»

ጠዋት ጠዋት ዳለቻን እናነሳታለን። ኦሌ ኬሬያ ጭራዋን ይይዛል፣ እኔ ቀንዷን፣ እናትሽና ኮይሌከን ከሆዷ ሥር ጆንያ አሳልፈው ሽቅብ ይስባሉ። አንዴ ከቆመች እስከ ቀትር ትቆማለች። «ተማሪው፣ እስቲ የስኳሩን ከረጢት አንብብላት፤ ስታፍርብህ ተነስታ ትሄድ ይሆናል» ይለኛል ኦሌ ኬሬያ። ከመኝታችን ሥር ያለውን ሣር እንኳ አውጥቼ አብልቻታለሁ፤ አሁን የምንተኛው በባዶ እንጨት ላይ ነው። ለወገቤ ጥሩ ነው እላለሁ። እናትሽ አጥንቷ ላይ ሥጋ ሳለ እንረዳት ትላለች። እምቢ አልኳት። የሰጡትን ከብት እንዴት ያርዱታል? ግማሿ የሰው ናት።

ሬሲያቶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትስቂ። ያቺ ቁራሽ እዚያ በብረት ጋን ውስጥ እየተቀለበች እንደምታድግ፣ እንደማታልቅም ነግረሽኛል። ታዲያ ካደገች፣ ጥቂት ብታቆዩዋት ቆዳና ሰኮና አታወጣም? ጡትስ? ዓይን ይቅርባት፤ እኔ እመራታለሁ። አላዋቂ ነው ትይኝ ይሆናል። በዪኝ። ግን አለቃሽን ሳትጠይቂ አይሆንም አትበዪኝ።

ቆይ፣ ኦሌ ኬሬያ ከበረቱ እየጠራኝ ነው።

ተመለስኩ። ፀሐይዋ ዞራለች።

ኦሌ ኬሬያ ዛሬ አልቀለደም። ቢላውን ስሎ መጥቶ ነበር፤ አያስፈልግም ብዬ መለስኩት፤ አላስፈለገምም። እናትሽ የወተቱን ቅል አጥባ ሰቀለችው። «ቅሉ ይታጠብ እንጂ፣ ቅል መታጠብ አለበት» እያለች ደጋግማ ነገረችኝ። ነገ ጠዋት ጎረቤት ሊያነሳ አይመጣም። ኮይሌከን ጆንያውን አጣጥፎ አስቀመጠው።

ስለ ጊደሯ ያልኩሽን ለአለቃሽ ንገሪው፤ ያንን አልተውም። ከሱ በፊት ግን በጋን ያለችው አደራ። አትጨርሷት። ለሰው ስታቀምሱ ከዳር ከዳሯ ይሁን፤ መሃሏን ተዉልኝ። እንዳይበርዳት። ጠዋት ስትገቢ በስሟ ጥሪያት፤ ዳለቻ ስትባል ጆሮዋን ታቆም ነበር። ሰዎቹ ቢስቁብሽ ይሳቁ፤ አባትሽ ለመሳቂያ ለምዷል። እዚህ በረቱን እኔ እጠርጋለሁ፣ አጥሩንም አላፈርስም። ከዛሬ ጀምሮ ግን የዚህ ቤት እረኛ አንቺ ነሽ፤ መንጋው አንቺ ዘንድ ነው።

እንጋይ የዝናብ አምላክ በሄድሽበት አረንጓዴ ያድርግልሽ። እንደ ሾላ ዛፍ ሥር ስደጂ፣ ጥላሽ ይስፋ፣ ደጃፍሽ ወተት አይጣ፣ ያደረ እንግዳ ሳይመርቅሽ አይሂድ። ምርቃት ያለ ምራቅ ምርቃት አይደለምና ወረቀቱ ላይ እንትፍ እንትፍ ብያለሁ። እዚህ ታች በኩል ቀለሙ የፈሰሰው ከሱ ነው። ሌላ እንዳይመስልሽ።

አባትሽ
ሜፑኮሪ ኦሌ ቲፓንኮ