የሣራ የጥሪ ካርዶች

ሰኞ፣ መጋቢት

ዛሬም ዘጠኝ ካርድ አበላሸሁ። የልጅ ልጄ ሣራ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች፤ የጥሪ ካርዱን በእጃችን እንሥራው ብዬ አፌን የከፈትኩት እኔው ነኝ። ወረቀቱን ራሷ ሠራችው፤ የአሮጌ ወረቀት ቁርጥራጭ ዘፍዝፋ፣ በወንፊት አጥልላ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ። ማኅተሙ ከጫማ ሶል የተቀረጸ የሎሚ ቅጠል ነው። የውሃ ቀለም በብሩሽ ቀብተህ ወረቀቱ ላይ ቀስ ብለህ ታሳርፈዋለህ። እኔ ግን ጓ አደርገዋለሁ። ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ ባቡር ጣቢያ ትኬት ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«አባባ፣ ቀስ በል አቦ። ካርዱ ጅቡቲ አይሄድም» አለችኝ።

«ሳይመታ ማን ያሳፍረዋል?» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሚስቴን ኅዳር ላይ ከቀበርን ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ ጥርስ ነቃይ በመርፌ እንዳደነዘዘው ድድ። አፌ ይቀልዳል፣ ውስጤ አይሰማም።

ማክሰኞ

እጄ ለዘብ ብሏል። አሁን ደግሞ ሙቀቱ። ቀለሙ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ሶሉ ላይ ይደርቃል፤ የሚወጣው ፍየል የበላው ቅጠል ነው። ሣራ መላውን አሳየችኝ፦ ከመጫንህ በፊት ማኅተሙ ላይ ሃ ብለህ ተንፍስ፣ ቀለሙ መልሶ ይረጥባል። በመዳፍህ ጫን፣ እስከ አምስት ቁጠር፣ ቀጥ አድርገህ አንሳ።

ሰባት ያማሩ ወጡ። የሽማግሌ ትንፋሽም ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ረቡዕ

ሣራ ብሩሹን አስቀመጠች። «ሠርጉን ለከርሞ እናቆየው» አለች።

«እስከዚያ ሙሽራው ዓይኑ ቢበራለትስ?»

አልሳቀችም። «በቀልድ አትሸፍንብኝ። አንተ እንዲህ ሆነህ እኔ አልሞሸርም።»

ደስ ብሎኛል አልኳት። አላመነችኝም። ዓርብ ጠዋት የሙሽራው አጎት ወደ ሐረር ይሄዳል። እዚያ ላሉት ዘመዶቻቸው የሚታደለውን ሠላሳ ካርድ ይዞ ካልሄደ ሠርጉ ቀረ ማለት ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሃ፣ ጫን፣ አምስት፣ አንሳ። አሥራ አራት። ሁለቱ ተዝረክርከዋል፤ ከሥር ደብቄያቸዋለሁ። ሣራ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ቀልድ ፈለግኩ፣ ጠፋ።

እውነቱን ነገርኳት። ደስታም አይሰማኝ፣ ሐዘንም አይሰማኝ። ስሜቱ ሲመለስ ይመለሳል፤ አንቺ እሱን ቆመሽ አትጠብቂ። ቅጠሉ እንደሆነ እኔን ደስ ሳይለኝም ይወጣል።

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና አረንጓዴውን ቀለም ትበጠብጥ ጀመር። እስከ ማታ ሠላሳ ሞላን።

ዓርብ

አጎትየው ካርዶቹን ተቀብሎ ሄደ። ሣራ እሱን ሸኝታ ስትመለስ በልብስ ሰፊው በኩል አልፋ፣ ለቀሚሷ ተለክታ መጣች።

ምንም አልተሰማኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ከቀትር በኋላ የጾም ሽሮ ስንበላ ግን ሳላስበው ጨምሪልኝ አልኩ። እንዲህ ካልኩ ስንት ወር ሆነኝ። ሣራ ጨመረችልኝ።