የችኮዋ ምልክት

ውድ እህቴ፣ ውድ ችኮ፤

ከሥራ ቦታሽ የላክሽው ፎቶ ደረሰን። ከመሬት በታች ካለው ከዚያ ቅንጣቶችን ከሚያጋጭ ትልቅ ማሽን ፊት ቢጫ ሄልሜት አድርገሽ ቆመሻል። እማዬ መነጽሯን ከፍ ዝቅ እያደረገች አየችውና፣ "ቆቡ ሰፍቷታል፤ እኔ ብሆን በሁለት ስፌት ልክ አደርግላት ነበር" አለች። መጋረጃ ሰፊ ምን ታድርግ፣ የዓለምን ነገር ሁሉ በመርፌ ቀዳዳ ነው የምታየው። ፎቶውን ስፌት መኪናው አጠገብ ለጥፋዋለች፤ መጋረጃ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ እሱን ሳያይ አይወጣም።

"ልጅሽ ምንድን ነው የምትሠራው?" ሲሏት ወደ እኔ ታያለች። እኔም የዶክትሬት ፈተናሽን ቀን አንድ ሳላስቀር እተርካለሁ። ለአንቺ ግን በእኔ በኩል ምን እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም።

ከልጅነታችን ጀምሮ ሰው አንቺን ትቶ የሚያናግረው እኔን ነበር። ጫማ ልንገዛ ስንገባ፣ አንቺ ጫማውን አጥልቀሽ ቆመሽ፣ ባለሱቁ "ጠበባት እንዴ?" ብሎ እኔን ይጠይቃል፤ እግሩ የእኔ ይመስል። የማይሰማው ጆሮሽ እንጂ እግርሽ አልነበረም። አስተርጓሚነት የተማርኩት በዚሁ ንዴት ነው። በፈተናሽ ቀን ግን ያው ባለሱቅ ፕሮፌሰር ሆኖ ጠበቀን። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ወደ ጓደኛቸው ጠጋ ብለው፣ "መልሱ የልጅቷ ይሁን የልጁ በምን እናውቃለን?" ሲሉ ሰማሁ። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ሰሌዳ ትጠርጊ ነበር። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ይደረጋል፣ ጀመርን።

"ቅንጣቶች መጠነ ቁሳቸውን ከየት ያገኙታል?" አሉ ሰብሳቢው፣ ዓይናቸው እኔ ላይ። አስተርጓሚ "እንዲህ አለች" አይልም፤ "እኔ" እያለ አንቺን ሆኖ ነው የሚናገረው። እጅሽን እየተከተልኩ ተናገርኩ። ባዶ የምንለው ቦታ ባዶ እንዳልሆነ፣ የሂግስ መስክ የሌለበት አንድ ስንዝር እንደሌለ፣ ኤሌክትሮን ከመስኩ ጋር በጥቂቱ፣ ኳርክ የሚባለው ከባዱ ቅንጣት ደግሞ በብርቱ እንደሚቆራኝ፣ መጠነ ቁሳቸውም ከዚያ ቁርኝት እንደሚመጣ። እስከዚህ ድረስ እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ።

ከዚያ ሁለት ቡጢሽን ደረትሽ ላይ ገጥመሽ ትከሻሽን ወደ ኋላ ሳብ አደረግሽ። በሥልጠና የተማርኩት የምልክት ቋንቋ ይህን "ወደ ኋላ መጎተት" ይለዋል። እኔም አፌን ሞልቼ፣ "ስለዚህ መስኩ ቅንጣቶቹን እየጎተተ ያዘገያቸዋል" አልኩ።

ሰብሳቢው ፈገግ አሉ። "እንግዲያው በጠፈር የሚበር ኤሌክትሮን እየዘገመ፣ እየዘገመ ሄዶ ይቆማል ማለት ነው?"

ጥያቄውን ስተረጉምልሽ ፊትሽ ተለዋወጠ። "ማነው ይዘገያል ያለው?" አልሽኝ በእጅሽ። ወዲያው ገባሽ። ወደ ሰብሳቢው ዞረሽ እጅሽን ማወናጨፍ ጀመርሽ፤ እኔም ሥራዬ ነውና ያልሽውን ሁሉ በገዛ አፌ አልኩት፦

"ይቅርታ፣ ወንድሜ ተሳስቷል። ወንድሜ ፊዚክስ አያውቅም። እኔ ያዘገያል አላልኩም፤ ያልኩት ችክ ይላል ነው። ለመጠነ ቁስ ምልክት ስላጣሁለት ከቤታችን አመጣሁለት። እናታችን እኔን 'ችኮ' ብላ የምትሰድብበት ምልክት ነው። 'ካልተነሣች አትነሣም፣ ከተነሣች አትመለስም' ትለኛለች። መጠነ ቁስም ይኸው ነው፤ የቆመውን ማስነሣት፣ የሚሄደውንም ማስቆም ያስቸግራል። ዝም ብሎ የሚሄደውን ግን አያዘገይም። ወንድሜ ምልክቱን አጥቶት አይደለም፤ ትምህርት በዝቶበት ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ራሴን በራሴ ድምፅ ሰድቤ ስጨርስ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም። ወንበራቸውን አዙረው ፊት ለፊት አዩሽ። ሁለት ቡጢያቸውን ክራቫታቸው ላይ ገጠሙና፣ "ታዲያ ብርሃንስ ለምን ችክ አይልም?" አሉ። አንቺን ነው የጠየቁት።

"ብርሃን ከመስኩ ጋር አይቆራኝማ" አልሽ፤ አልኩ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላዩም። ከጎንሽ ቆሜ ስለፈልፍ ማንም ልብ አላለኝም፤ ዓይኑ ሁሉ አንቺ ላይ ነበር። ሰው ባለመታየቱ እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። ኮራሁብሽ፣ ችኮ። ደረቴ አልበቃኝም። አሳምሬ ብተረጉም ኖሮ ደግሞ ምናልባት እስከ ዛሬ ይጠረጥሩን ነበር፤ ስለዚህ ከማዕረግሽ ላይ ትንሽ ድርሻ አለኝ እላለሁ።

እማዬ ስድቧ ሳይንስ ሆኗል ከተባለች ወዲህ ቆጥባ ነው የምትሳደበው። "እንዲህ መሆኑን ባውቅ ሌላውንም ስድቤን አስተምራት ነበር" ትላለች።

ለእረፍት ስትመጪ እዚያው ሱቅ ሄደን ጫማ እንገዛለን። ባለሱቁ "ጠበባት እንዴ?" ብሎ እኔን ከጠየቀኝ፣ እጄን ወደ አንቺ ዘርግቼ ዝም እላለሁ። እስኪጠይቅሽ ድረስ ችክ እላለሁ።

ፊዚክስ የማያውቀው ወንድምሽ